የፎቶግራፍ ሙያ፦ ለዲፕሎማ የሚወጣው ገንዘብ ያዋጣል ወይ?

ካሜራ የገዛ ሁሉ ፎቶግራፍ አንሺ ነኝ በሚልበት በአሁኑ ወቅት አንድ ጥያቄ በወላጆችም፣ በፎቶ ቤት ባለቤቶችም፣ ገንዘባቸውን በዚህ ሥራ ላይ ለማዋል በሚያስቡ ባለሀብቶችም ዘንድ መነሣቱ አልቀረም። ፎቶግራፍ አንሺ ለመሆን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብቶ መመረቅ ያስፈልጋል ወይ? ጥያቄው ለሥነ ጥበብ ሰዎች የክብር ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ለነጋዴው የሒሳብ ጉዳይ ነው። ልጁን አራት ዓመት የሚያስተምር ወላጅ፣ ስቱዲዮ ከፍቶ ሠራተኛ የሚቀጥር ባለሀብት፣ ለሰርጉ ወይም ለምርቱ ማስታወቂያ ቀብድ የሚከፍል ደንበኛ፣ ሁሉም ገና ያልተሠራ ዕቃ ነው የሚገዙት። ገና ያልተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሰው ደግሞ አንድ መተማመኛ መፈለጉ ያለ ነው።

በገበያው ውስጥ የቆየው መልስ አጭር ነው። ሙያ በልብ ነው ይባላል። ነባር የፎቶ ቤት ባለቤቶችን የጠየቀ ሰው ከዚህ ብዙም የራቀ መልስ አያገኝም፤ ታሪኩም በአብዛኛው ለእነሱ ይመሰክራል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ወደ አዲስ አበባ የመጡት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ አጼ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኑ። ከእርሳቸው በኋላ ልጃቸው ሃይጋዝ፣ ከዚያም ሌላው ልጃቸው ቶኒ ሥራውን ተረከቡ፤ ቶኒ ቦያጂያን ዛሬም የሚታወቁት ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ባነሷቸው ፎቶግራፎች ነው። ሙያው የተላለፈው በቤተሰብ ውስጥ ነው። አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1950 ዓ.ም. ገደማ ያቋቋሙት፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ቢሆን ስም ያተረፈው በሠዓሊዎቹ፣ በቀራጮቹና በግራፊክ ባለሙያዎቹ ነው። የከተማዋ ፎቶ ቤቶች ሠራተኛ ሲፈልጉ የዘመድ ወይም የሠፈር ልጅ ወስደው አሠለጠኑ እንጂ ከዚያ ደጃፍ ቆመው ምሩቅ አልጠበቁም።

ይህ አሠራር በደንብ ለተመለከተው ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነበር። ልጁ ፎቶ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ወለል ይጠርጋል፣ የጀርባውን መጋረጃ ያወርዳል ይሰቅላል፣ ደንበኛው ፀጉሩን የሚያበጥርበትን መስታወት ይወለውላል። ቀጥሎ ጉርድ ፎቶውን በልኩ መቁረጥ ይለምዳል። ጨለማ ክፍል የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ፊልሙን በኬሚካል ማጠብ፣ በውኃ ማለቅለቅ፣ በመቆንጠጫ አንጠልጥሎ ማድረቅ፣ ከዚያም በቀዩ መብራት ሥር ነጋቲቩን ወረቀት ላይ አትሞ ምስሉ ቀስ በቀስ ሲወጣ መጠበቅ የእሱ ድርሻ ይሆናል። ካሜራ ከመንካቱ በፊት ጌታው ያነሣቸውን እጅግ ብዙ ፊቶች በእጁ አሳልፏል። የትኛው ነጋቲቭ ብርሃን እንደበዛበት፣ የትኛው እንዳነሰው፣ ደንበኛው የትኛውን ፎቶ በፈገግታ እንደሚወስድና የትኛውን «እኔን አይመስልም» ብሎ እንደሚመልስ ማንም ቁጭ አድርጎ ሳያስተምረው አውቋል።

ሒሳቡም ግልጽ ነበር። ባለቤቱ ርካሽ ጉልበት ያገኛል፣ ልጁ ሙያ ያገኛል፣ የትምህርቱ ክፍያ በጉልበት ይከፈላል። ፊልሙ ራሱ ደግሞ ቀላል አስተማሪ አልነበረም። አንዱ ጥቅል የሚይዘው 36 ፎቶ ነው፤ ፊልሙም፣ ኬሚካሉም፣ ወረቀቱም በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው። ከ36ቱ አሥሩን ያበላሸ ልጅ በዚያው ሳምንት ከባለቤቱ ጋር ይተሳሰባል። እንዲህ ዓይነት መተሳሰብ የደረሰበት ልጅ ቁልፉን ከመጫኑ በፊት ሁለት ጊዜ ማየቱ አይቀርም።

ዲጂታል ካሜራ ሲመጣ ይህ ትምህርት ቤት ከፊልሙ ጋር አብሮ ተዘጋ። በዓለም ገበያ የሆነው ይታወሳል። አግፋ ፎቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ከሰረ፤ ኮኒካ ሚኖልታ በ2006 ከካሜራና ከፊልም ሥራ እንደሚወጣ አስታወቀ፤ ዲጂታል ካሜራን በ1975 በራሱ መሐንዲስ እጅ የሠራው ኮዳክ ሳይቀር በጥር 2012 ከአበዳሪዎቹ የሚከለልበትን የኪሣራ ማመልከቻ ለፍርድ ቤት አቀረበ። አዲስ አበባ ላይ የሆነው ከዚህ ዝቅ ያለ ቢሆንም ለሙያው ግን ከዚህ የከፋ ነው። የሚታጠብ ፊልም ከሌለ ልጁ ጨለማ ክፍል ምን ይሠራል? የሚያበላሸው ፊልም ከሌለስ ባለቤቱ ለምን ይቆጣዋል? አንድ ሺህ ጊዜ ቢተኩስ ወጪ የለውም። ወጪ የሌለው ስህተት ደግሞ እንደ ድሮው አያስደነግጥም፤ ልጁም ያበላሸውን አጥፍቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ለምን እንደተበላሸ የሚጠይቀው የለም።

በዚህ ላይ ፎቶ ቤቱን በአዘቦት ቀን የሚያኖረው የጉርድ ፎቶ ገቢ እየሳሳ መጥቷል። የፓስፖርት አመልካቹን ፊት የሚያነሣው መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነው። የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያም ሲመዘገብ ጣት አሻራው፣ የዓይን ብሌኑና ፊቱ የሚወሰደው እዚያው መዝጋቢው ዘንድ ነው። አሠራሩ ለመንግሥትም ለዜጋውም የሚበጅ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ያቺ የጉርድ ፎቶ ሳንቲም የልጁን የምሳ ወጪ ትሸፍን እንደነበር የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ሳንቲሟ ስትጠፋ ባለቤቱ ልጁን አስቀምጦ የሚያሠለጥንበት ምክንያትም አብሮ ጠፋ።

እንግዲህ «ትምህርት ቤት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ መልኩን ይለውጣል። ዋናው ጉዳይ የመማሪያው ወጪ በማን ላይ ይውደቅ የሚለው ነው። ድሮ በባለቤቱና በልጁ መካከል ይከፈል ነበር። ዛሬ ማንም ሳይነጋገርበት ወደ ደንበኛው ዞሯል። አዲሱ ፎቶግራፍ አንሺ የሚለማመደው በሰው ሰርግ ላይ ነው።

የሰርጉን ነገር ነጋዴ በቀላሉ ይረዳዋል። ሸቀጥ ቢበላሽ ይመለሳል፣ ይለወጣል፣ ቅናሽ ይደረግበታል። ሰርግ አይደገምም። እኩለ ቀን ላይ፣ ጠራራ ፀሐይ፣ መናፈሻ ውስጥ ሙሽራዋ ነጭ ቬሎ፣ ሙሽራው ጥቁር ሱፍ ለብሰው ሲቆሙ ካሜራው ግራ ይጋባል። የካሜራ ብርሃን መለኪያ የተሠራው ፊቱ ያለው ነገር ሁሉ በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ እንዲያስብ ነው። በነጭ ቬሎ የተሞላ ምስል ሲያጋጥመው ብርሃኑ በዛ ብሎ ይቀንሳል፤ የሙሽራዋ የጠይም ፊት ይጠቁራል። ጥቁሩ ሱፍ ሲበዛበት ደግሞ ይጨምራል፤ ያን ጊዜ ቬሎው ጥልፉ ጠፍቶ እንደ ታጠበ ወረቀት ይነጣል። ይህን ያላወቀ ልጅ ካሜራው ምንም ያህል ውድ ቢሆን ቀኑን ሙሉ ሲያበላሽ ይውላል። በሚገባ የሚያስተምር ካገኘ ደግሞ ነገሩ የአንድ ሳምንት ትምህርት ነው። የአራት ዓመት አይደለም። ግን አንድ ሰው ሊነግረው ይገባል፤ ያ አንድ ሰው ነው ዛሬ የጠፋው።

ለትምህርት ቤት የሚከራከሩ ወገኖች ይህን ይዘው፣ እንግዲያውስ ዩኒቨርሲቲ ይግቡ ይላሉ። ራሳቸውን ያስተማሩት ደግሞ ታላላቆቹን ስም እየጠሩ ይመልሳሉ። ስሞቹን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል።

ከአፍሪካ ፎቶግራፍ አንሺዎች ሁሉ ስማቸው አስቀድሞ የሚነሣው የማሊ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሴይዱ ኬይታ አናጢ ነበር። በልጅነቱ አጎቱ ያመጣለትን የኮዳክ ብራውኒ ካሜራ ይዞ ጀመረና በ1948 ባማኮ ላይ ስቱዲዮ ከፈተ። ማሊክ ሲዲቤ የተማረው ባማኮ በሚገኝ የእጅ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲሆን ትምህርቱም የጌጣ ጌጥ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ የአንድ ፈረንሳዊ ፎቶ ቤት እንዲያስጌጥ ተጠርቶ በዚያው ተለማማጅ ሆኖ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2007 የቬኒስ ቢየናሌ የዕድሜ ልክ ሥራ ሽልማት የሆነውን ወርቃማ አንበሳ ሲቀበል ከፎቶግራፍ አንሺዎች የመጀመሪያው ነበር። ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ሚካኤል ፀጋዬ አለ። በ2002 እ.ኤ.አ. ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ በሥዕል ተመርቆ ሳለ የዘይት ቀለም አለርጂ ስለሆነበት ብሩሹን አስቀምጦ ካሜራ አነሣ። አይዳ ሙሉነህ ደግሞ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ፊልም ነው። ለዋሽንግተን ፖስት ፎቶግራፍ ስታነሣ ቆይታ በ2007 በባማኮው የፎቶግራፍ ቢየናሌ ተሸለመች፤ በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን መሠረተች፤ በ2018 ሥራዎቿ በኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ታዩ።

ከአራቱ አንዱም በፎቶግራፍ ትምህርት ክፍል አልተመረቀም። ይህን ሰምቶ «ይኸው!» የሚል ይኖራል። ይሁን እንጂ ከአራቱ ሦስቱ ዓይናቸውንና እጃቸውን በሌላ ትምህርት ቤት፣ በወርቅ፣ በቀለም ወይም በፊልም አሠልጥነው የመጡ ናቸው። አራተኛውም ቢሆን እንጨት ለክቶ መቁረጥ የሚያውቅ የእጅ ባለሙያ ነበር። በሌላ በኩል የከሰረ ነጋዴ ታሪክ አይጻፍለትም። ካሜራ ገዝቶ፣ ራሱን አስተምሮ፣ በሁለተኛው ዓመት ካሜራውን በግማሽ ዋጋ የሸጠው ወጣት በማንም ምሳሌ ውስጥ አይጠቀስም። እንዲህ ያለው ወጣት ስንት እንደሆነ ለማወቅ የፈለገ የአሮጌ ካሜራ ሻጮችን ሱቅ ጎብኝቶ በመደርደሪያው ላይ የተደረደረውን ማየት ይችላል።

የሆነ ሆኖ ገበያው ራሱ ምን ይጠይቃል? መልሱ እንደ ደንበኛው ዓይነት ይለያያል። የሰርግና የልደት ደንበኛ አልበም አገላብጦ፣ ወይም ዛሬ በስልክ አይቶ፣ ዋጋ ይከራከራል። ዲፕሎማ የጠየቀ ሙሽራ ተሰምቶ አይታወቅም። የማስታወቂያ ድርጅትና የውጭ ዜና ወኪልም ቢሆኑ መጀመሪያ የሚያዩት ሥራውን ነው። ወረቀት የሚጠይቀው በዋናነት ጨረታ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ነው። እሱም ቢሆን አስቀድሞ የሚያየው ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የቀድሞ ሥራ ማስረጃ ነው። ባንክ ለዲፕሎማ አያበድርም። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከወጣ ወዲህ በሕግ ደረጃ ካሜራና መብራት ለመያዣነት ሊቀርቡ ይችላሉ፤ የምረቃ ጋዋን ለብሶ የተነሡት ፎቶ ግን አሁንም ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቀለው።

ወረቀቱ የግድ ካስፈለገም የአራት ዓመቱ መንገድ ብቸኛው አይደለም። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናው የብቃት ምዘና ሥርዓት ሲቀረጽ ሙያቸውን በሥራ ላይ ለተማሩ ሰዎችም ክፍት እንዲሆን ተብሎ ነው። ተመዛኙ የት ተማርክ አይባልም፤ ሥራ ይባላል። ይህ አስተሳሰብ ለቡና ነጋዴ አዲስ አይደለም። ቡናው ጥሬው ይታያል፣ ተቆልቶ ተፈልቶ ይቀመሳል፣ ደረጃው ይወጣለታል። አቅራቢው የግብርና ዲግሪ አለው ወይ ብሎ የጠየቀ ቀማሽ የለም።

ፎቶግራፍም በቅምሻ ሊገዛ ይችላል፤ ችግሩ ደንበኛው የሚቀምሰው የተመረጠውን ፍሬ ብቻ መሆኑ ነው። ማንም ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ አሥር ጥሩ ፎቶ አያጣም፤ በአጋጣሚም ይገኛል። እነዚያን አሥር ፎቶዎች አይቶ ቀብድ የሚከፍል ሰው ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን እፍኝ አይቶ ሙሉውን እንደሚገዛ ነው። ብልህ ገዢ ጆንያውን ይወጋል። ለፎቶግራፍም መውጊያው አለ፦ የአንድ ሰርግ፣ የአንድ ቀን ሥራ ከጠዋት እስከ ማታ ሙሉውን አሳየኝ ማለት ነው። ጠዋት በሙሽራዋ ቤት ጠባብ ክፍል ውስጥ ምን አደረገ? እኩለ ቀን ፀሐይ ላይስ? ማታ አዳራሽ ውስጥ መብራቱ ቀይና አረንጓዴ ሲሆንስ? ፋይሉን በሁለት ቦታ ያስቀምጣል ወይስ ሁሉም ነገር በአንዲት ጥፍር በምታክል ካርድ ላይ ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው ሰው ቢመረቅም ባይመረቅም ሥራውን ያውቃል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ፎቶግራፍ አንሺዎችን ብዙ ገንዘብ የሚያሳጣቸው በፎቶ ቤትም ሆነ በሥዕል ክፍል ብዙ ቦታ የማይሰጠው ትምህርት ነው፤ የውል ትምህርት። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የፎቶግራፍ ሥራ የኢኮኖሚ መብት ሥራው ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ይጠበቃል። ሥራው በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ከሆነ ግን በውል ሌላ ካልተባለ በስተቀር መብቱ የአሠሪው ነው። ለአንድ ሆቴል ፎቶ ያነሣ ወጣት ከሦስት ዓመት በኋላ ሥራው በቀን መቁጠሪያ፣ በመንገድ ዳር ሰሌዳና በአየር መንገድ መጽሔት ላይ ወጥቶ ሲያየው «ዘረፉኝ» ይላል። ውሉን ያነበበ የሕግ ሰው ግን አልተዘረፍክም፣ ሸጠሃል ይለዋል። በተቃራኒው የፎቶ ቤት ባለቤት የአንዲት ቆንጆ ደንበኛን ፎቶ አሳድጎ መስኮቱ ላይ ሲሰቅል ማስታወቂያ በነጻ ያገኘ ይመስለዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የሰው ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይሸጥ እንደሚከለክል የሚያውቀው ጠበቃ ሲመጣ ነው።

ኬይታም ቢሆን በዚህ በኩል ዕድለኛ አልነበረም። ፎቶዎቹ እ.ኤ.አ. በ1991 ኒውዮርክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታዩ ስሙ አልነበረበትም፤ ያልታወቀ ፎቶግራፍ አንሺ ተብሎ ነበር የተጻፈው። በ2001 ከሞተ በኋላ ደግሞ በነጋቲቮቹ ላይ ክርክር ተነሥቶ ፍርድ ቤት ደረሰ። በዓይን የሚወዳደረው ያልነበረ ሰው ነው።

በዚህ ዘርፍ ገንዘቡን ማዋል የሚፈልግ ባለሀብት እንግዲህ የት ያውለው? በብዛት የሚታሰበው ወይ ውድ መሣሪያ መግዛት ነው፣ ወይ ማሠልጠኛ ከፍቶ ክፍያ መሰብሰብ። መሣሪያው በጥቂት ዓመት ዋጋው ይወርዳል። ማሠልጠኛው የሚሰጠው የሦስት ወር ምስክር ወረቀት ደግሞ ተማሪው ሰው ሰርግ ላይ ቆሞ እስኪያየው ድረስ ምን እንደሚያወጣ አይታወቅም። ሦስተኛው መንገድ የድሮውን ልማድ በአዲስ መልክ መመለስ ነው። የጨለማ ክፍሉ ሥራ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ኮምፒዩተር ላይ ተሸጋግሯል። አንድ ሰርግ ሁለትና ሦስት ሺህ ምስል ይዞ ይመለሳል። ከዚያ ውስጥ ለአልበም የሚበቃውን መምረጥ፣ ቀለሙን ማስተካከል፣ ተመሳሳዩን ማስወገድ ትዕግሥት የሚጠይቅ የተለማማጅ ሥራ ነው። ልጁ ይመርጣል፣ ባለሙያው ይሽረዋል፣ ለምን እንደሻረው ይነግረዋል። በቀጣዩ ሰርግ ልጁ ሁለተኛ ካሜራ ይዞ ከጎን ይቆማል። ዋናውን ጌታው ስለሚያነሣው የልጁ ስህተት በደንበኛው ላይ አይወድቅም፤ የተሳካለት ደግሞ አልበሙን ያደምቃል።

የፎቶ ቤት ባለቤቶች ለዚህ ያላቸው ተቃውሞ የታወቀ ነው፤ መናቅም አይገባም። ያሠለጠኑት ልጅ በሁለተኛው ዓመት ደንበኞቹን በስልኩ መዝግቦ፣ ከመንገዱ ማዶ የራሱን ስቱዲዮ ይከፍታል። ብዙዎቹ ራሳቸው የጀመሩት እንደዚያው ቢሆንም ሲደርስባቸው ያማርራሉ። በቃል የተገባ ልማድ ይህን አያስቀርም። የሥልጠናውን ዘመን፣ የተለማማጁን ደመወዝ፣ ያነሣቸው ፎቶዎች የማን እንደሆኑና ሲወጣ ሥራዬ ብሎ ሊያሳያቸው ይችል እንደሆነ የሚወስን ባለ ሁለት ገጽ ውል ያስፈልጋል። ልጁም ዘመኑን ጨርሶ ሲወጣ ከዲፕሎማ ይልቅ የሚያሳየው ሙሉ የሰርግ ሥራ በእጁ ይኖረዋል። ቀሪው ዋጋውን ለደንበኛው ማስረዳት ነው። ለሁለት ፎቶግራፍ አንሺ ሲጠየቅ «አንዱ ምን ያደርግልኛል?» የሚል የሙሽራ አባት አይጠፋምና ባለቤቱ ያን ጊዜ ሁለት አልበም ጠረጴዛው ላይ ቢያስቀምጥ ይሻላል፤ በአንድ ካሜራ የተነሣውንና በሁለት የተነሣውን።